ካቦ የሚበጥስ እግር

ሚጡ ወንድሟ ስለ እግሯ ሲያወራ የሰማችው እርጥብ አንሶላ እየሰቀለች ነው። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ገመድ ተወጥሮበት፣ ገመዱም አንሶላ በአንሶላ ስለሚሆን፣ በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት ሰው ሰውን የሚያየው ከጉልበት በታች ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ አባታቸው ከሚቀመጡባት የበረንዳ ወንበር አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ እየመሰለው፣ «አባባ፣ ካቦው አይደለም፤ እግሯ ነው» አለ። «ሦስት ካቦ! ሰው እንዴት በዚህ አጭር ጊዜ ሦስት ካቦ ይበጥሳል? እግሯን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፋ ነዋ የምትነዳው። ከነገ ጀምሮ መኪናዋን የባለቤቴ ወንድም ይንዳ፤ እሷ እንደ ድሮዋ ካውያ ክፍል ትግባ። እዚያ ቢያንስ ፔዳል የለም።» ሚጡ በጥርሷ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ እንደነከሰች ቀረች።

የጠበቀችው የወንድሟን ቀጣይ ቃል አልነበረም፤ የአባቷን ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ «እግርሽን ከፍሪሲዮን ላይ አንሺ፣ እሱ የእግር ማረፊያ አይደለም» እያሉ ጉልበቷን በተጠቀለለ ጋዜጣ መታ መታ ያደረጓትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ስለዚህ እግር ከእሳቸው የበለጠ መስካሪ ከየት ይመጣል? ሚጡ ከአንሶላው ጀርባ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ወንበሩ ሲጥ አለ። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ምንም አላሉም። 

ሚጡ ስሟ አይደለም፤ በልጅነቷ ትንሽ ስለነበረች የወጣላት ነው። አሁን አርባን አልፋ፣ ሽበት ጣል ጣል ብሎባትም ሚጡ ናት፤ ቤተሰብ አንዴ ትንሽ ያለውን ሰው ትልቅ ሆኗል ብሎ መቀበል ሞቱ ነው። የቤቱ ሥራ ለትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላና ፎጣ አጥቦ ማድረስ ነው። ወንድሟ ደንበኛ ይፈልጋል፣ ዋጋ ይከራከራል፤ ሚስቱ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ ሚጡ ታደርሳለች። ካውያ ክፍል የሚሉት ከኩሽናው ጀርባ ያለችው አንድ መስኮት ያላት ቆርቆሮ ክፍል ናት። መስኮቷ የምትከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ስለሆነ ከእንፋሎት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሚጡ የወጣትነቷን ግማሽ እዚያ ቆማ አሳልፋለች፤ የአባቷ ዓይን ሲደክምና መሪው ለእሷ ሲደርሳት ነው የወጣችው። መንገድ ምን እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው፤ ጠዋት ሱቆች ሲከፈቱ፣ ሰው ሲሮጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ማየት። ስለዚህ ወንድሟ ከበረንዳው ላይ እንደ ቀላል ነገር ያላት ቃል ለእሷ ቀላል አልነበረም። ነገ እዚያች መስኮት ፊት ልትቆም ነው።

የቀረውን አንሶላ ሰቅላ፣ እጇን በቀሚሷ አብሳ ወጣች። ወንድሟ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንደሚያደርገው ይበልጥ ኮስተር አለ። በላስቲክ የተጠቀለለውን አዲስ ካቦ ሰጣትና «ጋራዥ ወስደሽ ለሬዲዮ ስጪው፣ ያስገባልሽ። የዛሬውን አድርሺና ማታ ቁልፉን አስረክቢ» አላት። «እሺ» አለች። ሌላ ብዙ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ግን አባቷ እዚያው ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ድምፅ ወደመጣበት አዙረው፣ እንደ እንግዳ ዝም ብለዋል። እንዲህ ባለ ዝምታ ፊት የሚከራከር ሰው ራሱን እብድ ያስመስላል። ሚጡ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄዳ፣ ከሳሙና ካርቶኖቹ ጀርባ የጣለቻቸውን ሁለት የተበጠሱ ካቦዎች አንስታ፣ በፌስታል ከትታ ወጣች። ለምን እንዳስቀመጠቻቸው እሷም አታውቅም፤ ይህ ቤት ክዳን የሌለው ጠርሙስ እንኳ የማይጣልበት ቤት ነው።

ጋራዡ ከቁልቁለቱ በታች፣ በእንጨት ቤትና በጎማ ጠጋኝ መካከል የተሰነቀረ ግቢ ነው። መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፤ ከአደጋ የተረፈ የመኪና ወንበር እንደ ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፤ ጠዋት ሲከፍት ጀምሮ ማታ እስኪዘጋ ድረስ አፉ አያርፍም፣ ደንበኛ ባይኖር ለሞተሩ ያወራለታል። የሚጡ መኪና መሀል ግቢው ላይ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ትናንት አቀበቱ መሀል ላይ ፔዳሉ ድንገት እግሯ ሥር ወደቀባት፤ ከኋላዋ ያሉ መኪኖች ጡሩምባ ሲነፉ፣ አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሴት ናት፣ ምን ይደረግ!» ሲል፣ የማታውቃቸው ሰዎች ገፍተው ነው ዳር ያስያዙላት። የትናንቱን የሰማ ሁሉ መኪናዋን ማወቅ አያቅተውም፤ ከከተማው መኪና ሁሉ እንዲህ ያለ ቀለም ያላት እሷ ብቻ ናት። የሚንቦገቦግ ብርቱካንማ ናት። ያስቀቧት ለአባቷ ብለው ነው፤ ግራጫ ሳለች ከበር ስትገባ አይታያቸውም ነበር፤ ከተቀባች ወዲህ ግን በረንዳ ላይ ሆነው «መጣች» ይላሉ፤ እሷን ለማለት ይሁን መኪናዋን ባይታወቅም።

«ደህና አደርሽ፣ ካቦ በጣሿ!» አላት ሬዲዮ ከመኪናዋ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ።

«አንተም ጀመርክ?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ መኪና አይዋሽም። እግር ፔዳል ላይ ካረፈ ካቦ ያልቃል። እኔ ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ! አንድ ጊዜ አንድ የባንክ ኃላፊ…»

ሚጡ የባንኩን ኃላፊ ታሪክ አላስጨረሰችውም። ሁለቱን አሮጌ ካቦዎች ከፌስታሉ አውጥታ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ትናንት የተበጠሰውንም ሬዲዮ ፈትቶ ስለነበር አንስታ ከጎናቸው አስቀመጠችው። የፍሪሲዮን ካቦ ፔዳሉን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዝ፣ በሽፋን ውስጥ የሚንሸራተት የሽቦ ገመድ ነው፤ እሱ ሲበጠስ ማርሽ መቀየር ቀረ ማለት ነው። «አሁን ንገረኝ» አለችው። «እግሬ ከሆነ የሚበጥሰው፣ እግሬ ባለበት በኩል መበላት አልነበረበትም? ይኸው፣ በፔዳሉ በኩል ሦስቱም እንደ አዲስ ናቸው። የተበጠሱት መሀል ላይ ነው።» ሬዲዮ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጎንበስ አለ። ሽፋኑን በፒንሳ ሰንጥቆ ከፈተው። ሽቦው እንዲንሸራተት ውስጡ የሚገባው ላስቲክ ቀልጦ፣ ጠቁሮ፣ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛውንም ከፈተ፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም ያው ናቸው። ሬዲዮ እነዚህን ካቦዎች በየተራ ፈትቶ እየወረወረ፣ አንዱንም ከፍቶ አላየም ነበር። ደግሞስ ለምን ያያል? ጥፋተኛው አስቀድሞ ከታወቀ ማን ምርመራ ያደርጋል?

ለማመን ግን ጊዜ ወሰደበት። መጀመሪያ «ዕቃው የማይረባ ነው» አለ፤ ሚጡ ሦስቱ ከተለያየ ሱቅ መገዛታቸውን፣ ሁለተኛውን ራሱ መርጦ እንደገዛላት አስታወሰችው። ቀጥሎ «ማርሚታው አቃጥሎት ነው» ብሎ ከሥር ገባ፤ የጭስ ማውጫው በሌላኛው ጎን ነው የሚያልፈው፣ ለካቦው ጎረቤትም አይደለም። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ራሱ ከብዶ ካቦውን እየጎተተው እንደሆነ ጠረጠረ። በካምቢዮው በኩል ያለውን ክንድ በእጁ ገፋው፤ እንደማንኛውም መኪና ሄደለት። ወሬው እየሳሳ መጣ። ሻይ አስመጣና ለራሱ ብቻ ስኳር ጨመረ። ሚጡ አሮጌው የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የቀለጠውን ላስቲክ በጥፍሯ እየፋቀች፣ ካቦውን ቶሎ አስገጥማ ብትሄድ ይሻላት እንደሆነ አሰበች። አንሶላው ይጠብቃታል። ግን አዲሱን ካቦ አስገብታ ብትሄድ እሱም ይበጠሳል፤ ያኔ መሪው የሌላ ሰው ቢሆንም ስሙ የእሷ ሆኖ ይቀራል። እንዲያውም የወንድሟ አማች ቢበጥሰው «እሷ አበላሽታው ነው» እንደሚሉ ታውቃለች።

«ጠዋት ጠዋት ነው የሚጠነክርብኝ» አለች ድንገት። «ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለች አይደል? ቁልፉን ደጋግሜ ነው የማዞረው። ከተነሳች በኋላ ፔዳሉ ድርቅ ይላል። ስሄድ ስሄድ ይለቀኛል።»

«ባትሪ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ቀይረናል።» ሬዲዮ ይህን ብሎ ራሱም እንዳልጣመው ታየበት። አዲሱን ካቦ አስገባ፣ አሰረ፣ ሲንሸራተት ለማየት በእጁ ያዘውና «በይ አስነሺው» አላት። ሚጡ ገብታ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ እንደ ልማዷ አቃሰተች፣ አቃሰተች፤ ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ የሬዲዮ ራስ ከኮፈኑ ጋር ሲጋጭ። ስትወጣ በአንድ እጁ አናቱን በአንድ እጁ መዳፉን ይዞ በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው። «አቃጠለኝ! እናቴን፣ አቃጠለኝ!» ሚጡ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ካቦው ቀረበች። የካውያ ክፍል ሰው ስለሆነች አልነካችውም፤ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ጫፏን ብቻ አስጠጋች። ቺስ አለ። ያንን ድምፅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ጥጥ አንሶላ የሚተኮስበት ሙቀት ነው።

ሬዲዮ ተዘጋ። ከአንደበቱ ቃል ሳይወጣ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ይህን የጎማ ጠጋኙ ቢያይ ኖሮ ሐኪም ይጠራለት ነበር። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ ለእሷም ለራሱም እያስረዳ ተናገረ። መኪና ስትነሳ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አዙሮ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለስበት ማሳ የሚሉት ወፍራም ገመድ አለ፤ ከሞተሩ ተነስቶ የመኪናው አካል ላይ በብሎን ይታሰራል። ያ መንገድ ከተዘጋበት ኤሌክትሪኩ ሌላ የብረት መንገድ ይፈልጋል፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ ሌላ ብረት ደግሞ ይኸው የፍሪሲዮን ካቦው ነው። ቀጭን ሽቦ ያን ሁሉ ሲሸከም ይግላል፤ ሲግል ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ሽቦው ይያዛል፤ የተያዘ ሽቦ ሲጎተት ይበጠሳል። «እግርሽ አይደለም» አለ ሬዲዮ። «እግርሽ ምንም አላደረገም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»  ለካስ ሚጡ ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ያን ያህል ጓጉታ ኖሯል፤ ዓይኗ እንባ ሞላው፣ ተናደደችም፣ ደስም አላት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ።

ማሳውን ፈለጉት። ከባትሪው ሥር ነበር፣ በቦታው። ሬዲዮ ጎተተው፤ ድንጋይ ነው። «ጠብቋል እኮ!» አለ ግራ ገብቶት። ሚጡ ጎንበስ ብላ አየች። ብሎኑ በእርግጥ ጠብቋል፤ ግን በገመዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚታየው ቀለም ነው፣ ያው የሚንቦገቦገው ብርቱካንማ። ቀለም ቀቢው ከውጭ አልፎ ኮፈኑ ሥር ያለውን ሁሉ በለጋስነት ቀብቶት ነበር። ማሳው ደግሞ በቀለም ላይ ታስሯል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ በላስቲክ ላይ እንደማሰር ነው። ሬዲዮ ብሎኑን ሲፈታ ሁለቱም አንድ ላይ ትዝ አላቸው፤ ሁለቱም ቀና ብለው ተያዩ።

መኪናዋ ከቀለም ቤት ስትመለስ፣ የተፈታታውን የገጠሙት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ አብሬ ካልሄድኩ ብለው መጥተው ነበር። ዓይናቸው ብዙም አያይላቸውም፤ እጃቸው ግን አለ። በቤት ውስጥ የሚፈስ ቧንቧ፣ የሚንቀጠቀጥ ወንበር፣ የላላ የካውያ እጀታ የሚያጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚላላ ነገር በጣታቸው ሲፈልጉ ይውላሉ። ያን ቀን ሬዲዮ መፍቻውን በአክብሮት ሰጣቸው። እያንዳንዱን ብሎን በዳሰሳ አገኙት፣ በእጃቸው አጠበቁት፣ ሲጨርሱ «በሉ እንግዲህ» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ማንም መልሶ አልፈተሸም። ማን ይደፍራል? የአባት ብሎን መፈተሽ በፊታቸው «እርስዎ አርጅተዋል» ከማለት አይለይም። ሬዲዮ አልደፈረም፣ ወንድሟ አልደፈረም፣ እሷም አልደፈረችም። ሦስቱን ካቦ የበጠሰው ያ አክብሮት ነው።

ሚጡ የብርጭቆ ወረቀቱን ከሬዲዮ እጅ ወስዳ ራሷ ፋቀችው። ብርቱካኑ ሄደ፣ ከሥሩ ግራጫው ወጣ፣ ከግራጫው ሥር ነጩ ብረት አበራ። ጥፍር የምታህል ቦታ ናት። ገመዱን አስቀምጣ ብሎኑን አሰረች፤ ሬዲዮ ምንም ሳያፍር መፍቻውን ተቀብሎ ጥብቀቱን ፈተሸ። ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ አላቃሰተችም፤ ነካ ሲያደርጓት ተነሳች። ካቦው ቀዝቃዛ ነው። ፔዳሉን ረገጠችው፤ ከዚያች ቀለም ወዲህ እንዲህ ለስልሶ አያውቅም።

«ለወንድሜ ማን እንዳሰረው እንዳትነግረው» አለችው መኪና ውስጥ ገብታ።

«እኔ? እኔ እኮ ምስጢር…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ራሱም ሳቀ። «እሺ፣ ዛሬን ብቻ። ከነገ በላይ ቃል አልገባም።»

ቀኑ በአንሶላ አለቀ። በየእንግዳ ማረፊያው ደረጃ የንጹሑን ክምር ይዛ ወጣች፣ የቆሸሸውን ይዛ ወረደች። አንዷ የማረፊያ ባለቤት በር ላይ ቆማ «ዛሬስ በእግርሽ አልመጣሽም?» ብላ ቀለደችባት፤ ሚጡ ከልቧ ሳቀች። የትናንትናውን አቀበት ሆን ብላ ዞራ ወጣችው። መሀሉ ላይ ቆማ፣ በፍሪሲዮን አንጠልጥላ ይዛት፣ እንደገና ተነሳች፤ መኪናዋ አንዲት ጣት ወደ ኋላ አላለችም። ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነላትም። ከአቀበቱ አናት ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል፤ እዚያ ላይ ሆና ማታ ምን እንደምትል ታወጣና ታወርድ ነበር። እውነቱን ብትናገር የእሷ እግር ይነጻል፤ የአባቷ እጅ ግን ይከሰሳል። እሳቸው ደግሞ ከዓይናቸው በኋላ የቀራቸው እጅ ነው። ዝም ብትል ነገ ካውያ ክፍል ናት። ጠዋት ዝም ያሉባት ጊዜ ትዝ ሲላት «ይገባቸዋል» ትላለች፤ ወዲያው በጣታቸው የላላ ብሎን ሲፈልጉ ይታዩዋታል፣ አንጀቷን ይበሏታል። መንገዱ አልቆ በር ላይ ስትደርስ አንድም ነገር አልወሰነችም።

ራት ላይ ሾርባና ዳቦ ነበር። የወንድሟ ሚስት፣ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ውላ እጇ ያበጠ፣ ሳህን አቀረበች። ወንድሟ ዳቦውን ቆርሶ ሳይጨርስ እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሚጡ ቁልፉን አውጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችው፤ እጁ ላይ ግን አላኖረችውም። «ካቦው በእግሬ አይደለም የሚበጠሰው» አለች። «ማሳው በቀለም ላይ ታስሮ ነው። ኤሌክትሪኩ በካቦው እየተመለሰ ያቃጥለው ነበር። ፋቅነው፣ ተስተካከለ። ከእንግዲህ አይበጠስም።»

ወንድሟ ይህን አልጠበቀም። ጥቂት አሰበና ፊቱ ቀላ። «ያ ወሬኛ ነዋ! ሲያወራ ሳይፍቀው አስሮት ነው። ሦስት ጊዜ እኛን ካቦ ሲያስገዛ! ነገ ሄጄ በአደባባይ ነው የማዋርደው።»

«እሱ አይደለም ያሰረው።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሚጡ ማንኪያዋን ሾርባው ውስጥ አዞረች።  ወንድሟ ጠበቀ፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ተደግፎ ትከሻውን ሰበቀ። «ይኸው። ያሰረ ሰው የለም። እህቴ፣ ተረት ነው ያመጣሽልን» አለና ቁልፉን ወደ ራሱ ሳበው። የወንድሟ ሚስት ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተከለች። በዚህ ቤት ነገር ሲከር የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።

«ማሳው የቱ ጋ ነበር?» አሉ አባታቸው።

ሚጡ ፈጥና መለሰች። «እንዲያው ታች ነው፣ አባባ። ይተዉት።»

«ከባትሪው ሥር፣ በስተግራ። አሥራ ሦስት ቁጥር ብሎን» አሉ። ማንኪያቸውን በዳሰሳ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አጋደሙት። «እሱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳስረው ብረቱ ለስለስ ብሎኝ ነበር፤ ብረት እንደዚያ አይለሰልስም። ተፍቋል ወይ ብዬ ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ፤ ይኼንንም አያይም እንዳትሉኝ ፈራሁ። ስለዚህ አጠበቅሁት። ባልታየኝ ቁጥር አብዝቼ ነው የማጠብቀው።» ወንድሟ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እሳቸው እጃቸውን አንስተው ከለከሉት። «ጠዋት ዝም ያልኩት አንተን አምኜ አይደለም። የዚችን ልጅ እግር አውቀዋለሁ፤ ከእኔ እግር ይሻላል። ግን እግሯ ካልሆነ ምንድን ነው ብትለኝ መልስ አልነበረኝም። አላውቅም ማለት አቅቶኝ ልጄን አሳልፌ ሰጠኋት። ሚጡ፣ ሰምተሽኛል ጠዋት፤ እግርሽን ከአንሶላው ሥር እንደ ጥላ አይቼው ነበር። እሱ እንኳ አላየውም፣ እኔ ግን አየሁት።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሩ። «እግሯ አይደለም። እጄ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ሚጡ አልፈራችውም። ወንድሟ ቁልፉን ይዞ ብዙ ጊዜ አገላበጠው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ሚስቱ ናት ከጭንቁ ያወጣችው። «ወንድሜ እንደሁ ሥራ አያጣም» አለች ዳቦ እየቆረሰች፤ «ደግሞ የእሱን አነዳድ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ካቦ ቀርቶ መኪናዋን ለሁለት ይከፍላት ነበር።» አባታቸው ሳቁ፤ ሚጡም ሳቀች፤ ወንድሟ ላለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሚጡ ገፋው። ይቅርታ የምትባለው ቃል ከእሱ አፍ ወጥታ አታውቅም፣ ያን ማታም አልወጣችም። «ነገ በጊዜ ነው የምትወጪው?» አላት። «በጊዜ ነው» አለችው። «እንግዲያው አንሶላውን እኔ እጭንልሻለሁ።»

ራት ተነስቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ አባቷ ወደ ካውያ ክፍል ሲሄዱ ሰማች። የመተኮሻው ጠረጴዛ አንድ እግሩ ላልቶ ሰሞኑን የወንድሟን ሚስት ሲያስቸግራት ነበር። ተከትላቸው ስትገባ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ብሎኑን በአውራ ጣታቸው አግኝተው፣ በዝግታ እያጠበቁት ነው። አልረዳቻቸውም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ሲጨርሱ አልተነሱም። መፍቻውን ድምፅ ወደሌለበት፣ እሷ ወደቆመችበት ዘረጉት።

«ነይ ፈትሺው» አሉ። «ከእንግዲህ እኔ የማስረውን አንቺ ትፈትሺያለሽ። እንዳታፍሪኝ።»

ሚጡ አጠገባቸው ተንበረከከች። መፍቻውን ብሎኑ ላይ ገጠመችና መጀመሪያ በእጇ ብቻ ሞከረችው፤ ከዚያ ያፈረች እንዳይመስላቸው ክብደቷን ሁሉ ጥላ ተጫነችው። አልተንቀሳቀሰም።

«ጠብቋል፣ አባባ።»

«ደህና አድርገሽ አየሽው?»

እንደገና ተጫነችው።

«አየሁት» አለች። «ጠብቋል።»